የእታለም ኮምፒውተር፦ የአንድ ሳምንት የጽዳት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018፣ ከቀኑ 8:30

እታለም ትናንት ማታ ደውላ «ኮምፒውተሩ ላይ ጂን ሰፍሮበታል፤ ና እየው» አለችኝ። እታለም የምላት ታላቅ እህቴን ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሳሎኗ ጥግ፣ አንድ ዴስክቶፕ አላት። ቀን ቀን የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ትተይብበታለች። ማታ ማታ ማሙሽ፣ የ14 ዓመት ልጇ፣ ጌም ይጫወትበታል። እኔ የኮምፒውተር ጠጋኝ አይደለሁም። መሥሪያ ቤት ኔትወርክ ላይ ስለምሠራ ብቻ፣ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ እንኳ ዘመድ የሚደውለው ለእኔ ነው።

ይህን የምጽፈው ባለፈው ዓመት የአክስቴን ላፕቶፕ ሳጸዳ ምን እንደነካሁ ረስቼ አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ስለሠራሁ ነው። ዘንድሮ ደብተር ይዣለሁ።

ዕቃው ሰከንድ ሀንድ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ነው። ኮር አይ 5 አራተኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሀርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10። ገና ሲነሳ ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። ክሮምን ስከፍት ጎግል የለም፤ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ መፈለጊያ ቦታውን ይዟል። ታች በስተቀኝ ጥግ በየደቂቃው «ኮምፒውተርዎ 5 ቫይረስ ተገኝቶበታል» የሚል የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ከቀይ ጋሻ ጋር ብቅ ይላል። እታለምን ያስመረራት ግን ይህ አይደለም።

«ጠዋት የሞላሁት ፓኬጅ ምሳ ሳይደርስ ያልቃል። ማሙሽ ነው ብዬ ስንት ቀን ተቆጣሁት መሰለህ።»

ማሙሽ በሩ ላይ ቆሟል። «ነግሬያታለሁ እኮ ጋሼ» አለ።

ኢንተርኔት የምታገኘው ከስልኳ ሆትስፖት ነው። መጀመሪያ እሱን አጠፋሁት። ሰላይ ሶፍትዌር ኔትወርክ ካጣ የሰረቀውን የሚልክበት መንገድ የለውም። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግልባጩን ነው። ቫይረስ አለ ሲባል ማጽጃ ፍለጋ ኢንተርኔት ይገባል። እዚያው በታመመው ኮምፒውተር፣ እዚያው በተለወጠው መፈለጊያ።

ከዚያ ሴቲንግ ገብቼ ዳታ ዩሴጅ የሚለውን ከፈትኩ። ዊንዶውስ የትኛው ፕሮግራም ምን ያህል ኢንተርኔት እንደበላ የ30 ቀን ሒሳብ ይይዛል። ማንም አያየውም እንጂ ጥሩ ደብተር ነው። ክሮም 6 ጊጋ። ቴሌግራም 2 ጊጋ ገደማ። ከሁሉም በላይ ግን ቀይ የፒዲኤፍ ምልክት የለጠፈ አንድ ፕሮግራም ተቀምጧል፤ 19 ጊጋ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ፒዲኤፍ ወደ ወርድ የሚቀይርልኝ ነው። ነፃ ነው።»

ከ19 ጊጋው ወዲያ ማሙሽ ይቅርታ ተጠየቀ። የሳንቡሳ ብርም ተጨመረለት።

ከቀኑ 10:00

የይለፍ ቃል ቅየራ። በስልኳ ነው፤ ኮምፒውተሩን ማንም አይነካም።

ጂሜይሏም ፌስቡኳም ክሮም ላይ «አስቀምጥ» ተብለው የተቀመጡ ናቸው። ከነፃ ሶፍትዌርና ከክራክ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ ከተሰበረ ፕሮግራም) ጋር ተዳብለው ከሚመጡት ሰላዮች ውስጥ የዚህ ዘመን ክፉዎቹ የብራውዘር ዘራፊዎች ናቸው። የተቀመጠውን የይለፍ ቃልና ኩኪ (ገጹ አንዴ የገባን ሰው የሚያስታውስበት ፋይል) ጠራርገው ይልካሉ፤ አንዳንዶቹ ሥራቸውን በደቂቃዎች ጨርሰው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ሉማ የሚባለውን ዘራፊ፣ ማይክሮሶፍትና የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 መሠረቱን ሲንዱት፣ ማይክሮሶፍት በሁለት ወር ብቻ ከ394,000 በላይ የተያዙ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ቆጥሮ ነበር።

ኩኪው ከተሰረቀ የይለፍ ቃል መቀየር ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም። ሌባው የያዘው የቁልፉን ቅጂ ሳይሆን አንዴ የተከፈተውን በር ነው። ስለዚህ ጂሜይል ላይ የማናውቀውንም የምናውቀውንም ዴቪይስ ሁሉ አስወጣን። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫም አበራን።

ቴሌግራም ላይ ቆም ብለን ተነጋገርን። የኮምፒውተሩ ቴሌግራም የመግቢያ ፈቃዱን ሀርድ ዲስኩ ላይ አንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ያ ፎልደር ከተቀዳ ሌባው ኮድ አይጠየቅም፤ በቀጥታ ይገባል። እታለም የዴቪይሶቹን ዝርዝር አይታ «የእኔው ስልክና የእኔው ኮምፒውተር ብቻ ናቸው፤ ሰላም ነው» አለች። ሰላም ላይሆን ይችላል። የተቀዳው ፈቃድ በእሷው ኮምፒውተር ስም ነው የሚታየው። ከስልኩ በስተቀር ሁሉንም አቋረጥን።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ» አለች ስልኳን እያስቀመጠች። ጅቡ መሄዱን ገና አላወቅንም።

ከምሽቱ 12:20

የተጫኑትን ፕሮግራሞች በተጫኑበት ቀን ደረደርኳቸው። ይህች ዘዴ ቀላል ናት፤ ግን ከብዙ ማጽጃ ትበልጣለች። ጥገኛ ብቻውን አይመጣም። ከዋናው ጋር በአንድ ቀን ይገባል።

ጥቅምት 17 ላይ አራት ፕሮግራሞች ገብተዋል። የፒዲኤፉ፣ «ድራይቨር አዳሽ» ነኝ የሚል፣ የአየር ጠባይ የሚያሳይ፣ እና ስሙ የፊደልና የቁጥር ዝርክርክ የሆነ አንድ። እታለም የጠየቀችው አንዱን ነው። ሦስቱ አጃቢ ናቸው።

ከዚያ በታች፣ ከ2015 ጀምሮ የተቀመጠ ነፃ ቪፒኤን አገኘሁ። ያኔ ሶሻል ሚዲያ ተዘግቶ ስለነበር ሁሉም ሰው ያገኘውን ቪፒኤን እየጫነ ነበር። እኔም ጭኛለሁ፤ አልዋሽም። ከዚያ ወዲህ የነካው የለም፤ ግን ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር አብሮ ይነሳል።

የዛሬውን ሊያስጨርሰኝ የነበረ ሌላ ነገር ነበር፤ ዲፌንደር። ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣው አንቲቫይረስ አረንጓዴ ምልክት አድርጎ «ምንም ችግር የለም» ይላል። ስካን አስጀመርኩት። በጥቂት ሰከንድ «ንጹሕ» ብሎ ጨረሰ። 500 ጊጋ አሮጌ ሀርድ ዲስክ በጥቂት ሰከንድ አያልቅም።

ኤክስክሉዥን የሚለውን ከፈትኩ። አንቲቫይረሱ «አትመልከት» የተባለው ቦታ የሚዘረዘርበት ነው። ዝርዝሩ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ አለ። ሲ ድራይቭ። ፎልደር አይደለም፣ ፋይል አይደለም፤ ሙሉው ሲ ድራይቭ። ዘበኛው ዩኒፎርሙን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል፤ ግን ወደ ግቢው አትዙር ተብሏል።

ማን እንዳደረገው ለማወቅ ሩቅ አልሄድኩም። ሲ ድራይቭ ላይ የኦፊስ አክቲቬተር፣ ኦፊስን ያለ ክፍያ የሚያሠራ ፕሮግራም፣ የተቀመጠበት ፎልደር ነበር። አጠገቡ አጭር የመመሪያ ፋይል አለ። አንደኛው መስመር «አንቲቫይረስ አጥፋ» ይላል። ሁለተኛው «በአድሚኒስትሬተር አስነሳ»። ባለፈው ዓመት ኮምፒውተሩን ያየላት ልጅ ኦፊስ ሲጭንላት የተከተለው ይህንኑ ነው። ክፋት አስቦ አይመስለኝም። ለሁሉም ደንበኛ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በዚያ ኮምፒውተር የገባ ሁሉ ያለ ፍተሻ ገብቷል።

እሑድ፣ ኅዳር 7፣ ከቀኑ 9:00

ዛሬ ቤቴ ሆኜ ነው የሠራሁት። የፒዲኤፉ መጫኛ ፋይል ዳውንሎድ ፎልደሯ ውስጥ ስለነበር በፍላሽ ይዤው መጣሁ። ላፕቶፔ ላይ ቨርቹዋል ቦክስ አለ፤ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ የውሸት ኮምፒውተር በሉት። እዚያ ውስጥ ከፈትኩት።

መጀመሪያ አንድ ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ፤ «ፈጣን ጭነት (ይመከራል)»። ከሥሩ፣ አመድማ ጀርባ ላይ በአመድማ ፊደል «የራስህ ምርጫ»። እንደ ሞተ ቁልፍ ነው የሚመስለው፤ ሲጫኑት ግን ይሠራል። ስጫነው ሦስት ሳጥኖች ወጡ። ሦስቱም ቀድሞ ምልክት ተደርጎባቸዋል። ድራይቨር አዳሹ፣ የአየር ጠባዩና የመፈለጊያ ለውጡ እዚህ ነው የተደበቁት። ቀጣዩ ገጽ ላይ «እቀበላለሁ» እና «አልቀበልም» አለ። እታለም ቢሆን «አልቀበልም» ካልኩ ፒዲኤፉም ይቀርብኛል ብላ ታስባለች። ማንም እንዲህ ነው የሚያስበው፤ ታስቦበት የተሠራ ነው። «አልቀበልም» አልኩ። ፒዲኤፉ መጫኑን ቀጠለ።

ከዚያ ማንም የማያነበውን አነበብኩ፤ የውል ስምምነቱን። ቡና አፍልቼ ነው የተቀመጥኩት። ከወደ መጨረሻው አንድ አንቀጽ «ተጠቃሚው የኢንተርኔት ግንኙነቱን ትርፍ አቅም ለአጋሮቻችን እንድንጠቀምበት ይፈቅዳል» ይላል። 19 ጊጋው ይኸውላችሁ። ፕሮግራሙ ገንዘቡን የሚያገኘው የእሷን መስመር ለሌላ ሰው በማከራየት ነው። የሆነ አገር ያለ ሰው በእታለም ኢንተርኔት በኩል ይወጣል፤ የሚሠራው ሥራ በእሷ አድራሻ ይመዘገባል። ኪራዩን ደግሞ የከፈለችው እሷ ናት፤ በፓኬጅ።

አዲስ ንግድም አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት 911 ኤስ 5 የሚባለውን መረብ በተነ። ወደ 200 በሚጠጉ አገሮች ከ19 ሚሊዮን በላይ የኢንተርኔት አድራሻዎች ተይዘውበት ነበር። የተሰራጨው ባብዛኛው በነፃ ቪፒኤን ነው። ማስክ ቪፒኤን፣ ዲው ቪፒኤን፣ ሻይን ቪፒኤን የሚባሉ ነበሩ። ቪፒኤኑ እንደ ቪፒኤን ይሠራል፤ ሰው ምን ይጠረጥራል? ከጀርባ ግን መስመሩ ለወንጀለኛ ይሸጣል። የእታለም ቪፒኤን ስሙ ከእነዚህ አንዱ አይደለም። ቢሆንም ነገ ይወጣል።

የፒዲኤፍ ነገር ሲነሳ ሌላም ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ አንድ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። ውጭ አገር ለሚኖሩ የኦሮሞ አክቲቪስቶችና ጋዜጠኞች ኢሜይል ይላካል። ሊንኩ ቪዲዮ ወዳለበት ገጽ ይወስዳል። ገጹ «ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየር አዘምን» ይላል። ያዘመነ ሰው ሳይበርቢት የሚባል የእስራኤል ኩባንያ የሠራውን ስለላ ጭኗል። ኋላ ላይ ማጥመጃው ተለውጦ የአዶቤ ፒዲኤፍ መጻፊያ መስሎ መጣ። የሚገርመው፣ ከስለላው ጋር እውነተኛ ነፃ ፒዲኤፍ መሥሪያ አብሮ ይጫን ነበር። የተጫነለት ሰው ሲሞክረው ይሠራለታል። የእታለም ጉዳይ ከዚያ ጋር አይገናኝም፤ እሷን ማንም ለይቶ አልፈለጋትም። መንገዱ ግን ያው ነው፤ የሚሠራ ነፃ ነገር ስጥ፣ ከሥሩ የአንተን አስገባ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 1:15

ከሥራ በቀጥታ ጀሞ። ታክሲ ሰልፉ ብቻውን አንድ ሰዓት በላ።

በፍላሽ የያዝኳቸው ሁለት ናቸው፦ ማስታወቂያ አምጪ ፕሮግራሞችን የሚያጸዳው አድደብሊውክሊነር እና አውቶራንስ። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ማሙሽ ይህችን አልለቀቀኝም። «ነፃ አትጫኑ እያልክ ነፃ ይዘህ መጣህ?» እውነት አለው። ልዩነቱ የት እንደሆነ ነገርኩት። አውቶራንስን ማይክሮሶፍት ራሱ ነው የሚያወጣው፤ ያወረድኩትም ከራሱ ከማይክሮሶፍት ነው። እናቱ ግን የፒዲኤፉን ያገኘችው መፈለጊያው አናት ላይ ከወጣው የመጀመሪያ ሊንክ ነው። ያ መስመር ደግሞ ማስታወቂያ ነበር። አናት ላይ የወጣ ሁሉ ዋናው አይደለም፤ አንዳንዱ የከፈለ ነው።

መጀመሪያ ያንን የሲ ድራይቭ ኤክስክሉዥን ሰረዝኩ። አራቱን ፕሮግራሞችና ቪፒኤኑን አስወጣሁ። ድራይቨር አዳሹ ሲወጣ «በእርግጥ ሊተዉን ነው?» ብሎ የሚያለቅስ ምስል አሳየኝ። ቀጥሎ በ50 ፐርሰንት ቅናሽ ለመነኝ። ልመናው አልሆን ሲለው ቁልፎቹን አገላበጠ፤ ትልቁ «አቆየው» ሆነ።

ክሮም ላይ «ይህ ብራውዘር በድርጅትዎ ነው የሚተዳደረው» የሚል ጽሑፍ አለ። የእታለም ድርጅት እታለም ብቻ ናት። ይህ ጽሑፍ በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ደንብ ነው። በቤት ኮምፒውተር ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ፖሊሲ አስገብቷል ማለት ነው። የክሮምን የፖሊሲ ገጽ ስከፍት አንድ ኤክስቴንሽን፣ ብራውዘሩ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ፕሮግራም፣ በግድ እንዲጫን ታዟል። ለዚህ ነው እታለም ስታጠፋው ማጥፊያው የማይሠራላት። ትእዛዙን ከሬጅስትሪ፣ ከዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ፣ ሰረዝኩ፤ ኤክስቴንሽኑም ወደቀ። የቀይ ጋሻው ማስጠንቀቂያ ደግሞ ቫይረስ እንኳ አልነበረም። አንድ ገጽ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ ፍቀድ የሚለውን ይጫኑ» ብሏት ተጭናለች፤ የፈቀደችው ኖቲፊኬሽን ነበር። ከክሮም ሴቲንግ ፈቃዱን ሳነሳው ዝም አለ።

አውቶራንስ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ የሚነሳውን ሁሉ ይዘረዝራል። የማይክሮሶፍቶቹን ደበቅኩ። ከቀሩት ውስጥ ቢጫ ቀለም ያለው ፋይሉ የጠፋ ማለት ነው፤ ሮዝ ደግሞ የአሳታሚው ማንነት የማይታወቅ። ጊዜ የተያዘለት ሥራ በሚዘረዘርበት፣ ታስክ ሼጁለር በሚባለው ክፍል ውስጥ፣ «አፕዴት» የሚል ቃል ያለበት አንድ ሮዝ መስመር ተጋድሟል። የሚነሳው አፕዳታ ከሚባለው ፎልደር ነው። ቁም ነገረኛ ፕሮግራምም አፕዳታ ውስጥ ይቀመጣል፤ ስሙ ግን ትርጉም ይኖረዋል። ይሄኛው 12 የተዘበራረቁ ፊደላት ነው። ሥራውን አጠፋሁ፤ ፋይሉንም ሰረዝኩ።

ከዚያ የዲፌንደር ኦፍላይን ስካን። ኮምፒውተሩ ይዘጋና ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ሳይነሳ ይፈትሻል፤ ስለዚህ ተባዩ ነቅቶ መደበቅ አይችልም። ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። በቃ፣ ሻማ። እታለም «ሳይደግስ አይጣላም፤ ራት ብላ» ብላ ጨጨብሳ አቀረበች።

መብራት የመጣው 3:40 ላይ ነው። እንደገና ከሀ። ስካኑ ሁለት ትሮጃን (ደኅና ፕሮግራም መስሎ የሚገባ ተባይ) አገኘ። አጸዳ። ሪስታርት አደረግኩ። አውቶራንስን ደግሜ ከፈትኩ። ያ 12 ፊደል ያለው ተመልሷል፤ በሌላ 12 ፊደል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ የወሰንኩት ብቻ ነው የምጽፈው። ፎርማት።

ማጽዳት ይቻላል የሚል አለ፤ እኔም እስከ ትናንት እሞክር ነበር። ግን ይህ ኮምፒውተር ለአንድ ዓመት ያለ ዘበኛ ኖሯል። ምን እንደገባ ዝርዝር የለኝም። አንዱን ሳወጣ ሌላው ከመለሰው፣ ያላየሁት አንድ አለ ማለት ነው። የአክስቴን ላፕቶፕ ሁለት ጊዜ ያስለፋኝ ይህቺው «ትንሽ ልሞክር» ናት።

መሥሪያ ቤት ካመሸሁ በኋላ ከማይክሮሶፍት የዊንዶውስ መጫኛውን በፍላሽ አዘጋጀሁ። ቢያንስ 8 ጊጋ ፍላሽ ይፈልጋል። ከጓደኛ የተቀዳ «ሁሉ ነገር ያለበት» ዊንዶውስ አልወስድም። ሁሉ ነገር አለበት ማለት ሁሉ ነገር አለበት ማለት ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 12:45

መጀመሪያ ሰነዶቿን ማውጣት። የወርድ፣ የፒዲኤፍና የፎቶ ፋይሎች ብቻ። ኢኤክስኢ፣ ሲጫኑት የሚነሳ የፕሮግራም ፋይል፣ አንድም አይወጣም። የማሙሽ ጌሞችም እዚያው ቀሩ። ተኮራርፈናል።

የፋይሎች ቅጥያ፣ ከስማቸው መጨረሻ ያለው የዓይነት ምልክት፣ እንዲታይ ሳደርግ የሚገርም ነገር ወጣ። «ምዕራፍ ሦስት» የሚል የፒዲኤፍ ምስል ያለበት ፋይል፣ መጨረሻው ኢኤክስኢ ሆኖ ተገኘ። ደንበኛ በፍላሽ ያመጣው ነው። ዊንዶውስ ቅጥያውን ሲደብቅ ይህ አይታይም። ፎልደር በሙሉ ወደ ሾርትከት የሚለወጥበት የፍላሽ ቫይረስም እንደዚሁ ነው። እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በስሙ ሾርትከት ያስቀምጣል። ስትጫነው መጀመሪያ ራሱን ያስነሳል፣ ከዚያ ፎልደሩን ይከፍትልሃል። በየፎቶኮፒ ቤቱ የሚዞረው ይሄ ነው። ሰነዱ ብዙውን ጊዜ አልጠፋም፤ ተደብቋል እንጂ። ተማሪው ግን «ቴሲሴ ጠፋ» ብሎ ሲያለቅስ እታለም ስንቴ አይታለች።

ፎርማቱ ራሱ ብዙ የሚጻፍለት የለውም። ሁሉንም ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ሰርዤ በባዶው ላይ ጫንኩ። የዊንዶውስ ፈቃዱ ከዕቃው ጋር ተመዝግቦ ስለነበር ራሱ አክቲቭ ሆነ፤ አክቲቬተር የፈለገ የለም።

ያሳሰበኝ ሌላ ነበር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ባለፈው ጥቅምት 4 ቀን አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ ከስምንተኛ ትውልድ ኢንቴል ጀምሮ ነው የሚቀበለው፤ የእሷ አራተኛ ነው። «ሕጉን የሚያልፍ» መጫኛ ሞልቷል። ከሰው እጅ የተነካካ ዊንዶውስ ለመጫን ግን ሳምንቱን ሙሉ አልለፋሁም። እስከሚቀጥለው ጥቅምት መጀመሪያ የሚቆየውን የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ አስመዘገብኳት። ለአንድ ዓመት ጊዜ ገዛን። ከዚያ ወይ ሊኑክስ፣ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ነፃ ሥርዓት፣ ወይ ሌላ ዕቃ። ሊኑክስ ስል እታለም ፊቷን አጠቆረች፤ ዛሬ አልገፋሁም።

ክርክሩ የመጣው ኦፊስ ላይ ነው። በማይክሮሶፍቱ ፋንታ ነፃውን ሊብሬኦፊስ ከራሱ ድረ ገጽ አውርጄ ጫንኩ። እሷ ለአሥር ዓመት ወርድ የለመደ እጅ ነው ያላት። «ማውጫ የምሠራበት የት ገባ? የገጽ ቁጥሩስ?» አንዱን የተማሪ ሥራ ስንከፍተው ሠንጠረዡ ትንሽ ተንሸራተተ። እዚህ ላይ ነፃው ከወርድ እኩል ነው ብዬ አልዋሸኋትም። ለተንሸራተተው ሰነድ በብራውዘር የሚሠራውን የማይክሮሶፍቱን ነፃ ወርድ ከፈትኩላት። እየተነጫነጨች ተስማማች።

ለአማርኛ መተየቢያ ኪማንን ከጂኤፍኤፍ የአማርኛ ኪቦርድ ጋር ጫንኩ። ነፃ ነው፤ ኮዱም ክፍት ነው። ድሮ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር የኖረውን የአማርኛ መጻፊያዋን አልመለስኩም። ሶፍትዌሩ ጥፋት ኖሮበት አይደለም። ያ ቅጂ በስንት እጅ እንዳለፈ አይታወቅም። በዚያ ላይ አሮጌዎቹ ፊደላት ዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደል አቀማመጥ፣ ስላልሆኑ ፒዲኤፉ ወደ ወርድ ሲለወጥ ጽሑፉ ሁሉ የቁራ ጫማ ይሆናል። ነገሩን ሁሉ የጀመረው የመቀየሪያ ፍለጋ ግማሽ ምክንያቱ ይሄው ነበር። አንዱ ሲበላሽባት ሌላ ትሞክራለች፣ ሌላው ሲበላሽባት ሌላ።

እታለም «ሲክሊነርስ? ሁልጊዜ ይጭኑልኝ ነበር» አለች። ኮምፒውተር ያጸዳል የሚባለው ፕሮግራም ነው። አያስፈልግም አልኩ። እ.ኤ.አ. በ2017 የሲክሊነር 5.33 ቅጂ ከራሱ ከባለቤቱ ሰርቨር፣ ትክክለኛ ፊርማውን እንደያዘ ተበክሎ ወጥቶ ነበር። ባለቤቱ ኩባንያ ራሱ የተናገረው ቁጥር 2.27 ሚሊዮን ተጠቃሚ ነው። ስለዚህ «ከዋናው አውርድ» የሚለው ምክሬም ፍጹም አይደለም። የማያስፈልግህን አለመጫን ግን ምንም አያስከፍልም።

ከምሽቱ 4:10

ከዚህ ሁሉ በላይ የምተማመንበትን ሥራ መጨረሻ ላይ ሠራሁ። ሦስት አካውንት። አንዱ አድሚኒስትሬተር፤ ለመጫን ብቻ የሚያገለግል፣ የይለፍ ቃሉን እታለም ብቻ የምታውቀው። ሁለተኛው የእሷ የዕለት ሥራ። ሦስተኛው የማሙሽ። ሁለቱ ተራ ተጠቃሚ ናቸው። ብዙው መጫኛ አሁን በር ላይ ቆሞ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ሾልኮ የሚቀመጥ አለ፤ እሱን ይህ አያቆመውም። ቢሆንም ዘበኛውን ማሳወር አይችልም፤ ኤክስክሉዥን ለማስገባት አድሚኒስትሬተር መሆን ግድ ነው።

ዲፌንደር ውስጥ «የማይፈለጉ ፕሮግራሞችን አግድ» የሚለው ጠፍቶ ስለነበር አበራሁት። አጃቢዎቹን የሚይዘው እሱ ነው። ፍላሽ ሲሰካ ራሱ እንዳይከፈትም አጠፋሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 2:00

ማሙሽ ደወለ። «ጋሼ፣ ደኅና አመሸህ? ፓስወርዱ ስንት ነው?»

«የምኑ?»

«የጌም ሞድ ነው። አስተማማኝ ነው፤ ቴሌግራም ቻናል ላይ ነው ያገኘሁት።»

አልጮህኩበትም። ቫይረስቶታል ላይ ጫነውና ውጤቱን በስክሪን ሾት ላክልኝ አልኩት። ቫይረስቶታል ፋይሉን በብዙ አስር አንቲቫይረሶች በአንድ ጊዜ ያስፈትሻል፤ የጎግል ነው። የግል ሰነድና የደንበኛ ጽሑፍ ግን እዚያ አይጫንም፤ የተጫነው ፋይል ለሌሎች ፈታሾችም ይደርሳል። አንድ ወይም ሁለት ቀይ ሲመጣ ስህተት ሊሆን ይችላል። ማሙሽ የላከልኝ ላይ ቀዩ 34 ነበር።

ቀጥሎ የመጣው መልእክት አንድ መስመር ነው። «ጋሼ ለእማዬ እንዳትነግራት።»

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ከጠዋቱ 3:00

ኅዳር ሚካኤል። ጀሞ ጭስ በጭስ ሆኗል፤ በየብሎኩ ሥር ቆሻሻው እየታጠነ ነው። እታለም የፒዲኤፉን ዘመን የሸፈነውን የፓኬጅ ካርድ ክምርና የድሮ ረቂቅ ወረቀቶቿን ይዛ ወረደች።

ዳታ ዩሴጁን አየሁ። ከረቡዕ ማታ ጀምሮ 700 ሜጋ። አብዛኛው የዊንዶውስ ማሻሻያ ነው። ፋኑ አይሰማም። አውቶራንስ ላይ ሮዝ የለም። ረቡዕ ማታ የገዛችው ፓኬጅ ዛሬም አላለቀም፤ ስልኳን አውጥታ ሁለቴ አሳየችኝ።

ጫማዬን ላደርግ ስል ከሳሎን ጠራችኝ።

«ስማ፣ ያ ፒዲኤፍ ወደ ወርድ የሚቀይረው ነገርስ? ልጅቷ ነገ ልትወስድ ትመጣለች።»

ጫማዬን መልሼ አወለቅኩ። ፋይሉን ጎግል ድራይቭ ላይ ጭነን በጎግል ዶክስ ከፈትነው። መስመሮቹ ትንሽ ተዘበራርቀዋል፤ ጽሑፉ ግን አለ። እታለም መነጽሯን አድርጋ ጠጋ ብላ አየችው።

«ይሄ ድሮም ነበረ?»

«ነበረ።»